ጥቁር አፈር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሲሚንቶ ከመታዘዙ በፊት መሬቱ ይመርመር

በጎንደር ከተማ ዙሪያና በሰሜን ጎንደር ደጋ የእህል መጋዘን፥ የማዳበሪያ ማስቀመጫ፥ የገበሬ ማሠልጠኛ ቤት፥ የመስኖ ቦይና የገጠር መንገድ ለማሠራት የሚደክሙ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ሁሉ አንድ ችግር ሳይገጥማቸው አይቀርም። መሠረት ሲቆፈር መሬቱ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ይገኛል፤ ሠራተኛው ቢቆምበት እግሩ ይሰጥማል፤ መኪና ቢያልፍበት ጎማው ይቀበራል። በዚህ ጊዜ ዘወትር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ሲሚንቶ ይጨመርበትና ይጠቅጠቅ» ይባላል። ምክሩ ለመናገር ቀላል፥ ለመፈጸምም ፈጣን ስለሚመስል ብዙ ሰው ይቀበለዋል። የበጀቱ ዓመት ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋና ክረምቱም በደጅ ስለ ሆነ፥ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሥራ እንደሚያዘገይ ይቈጠራል።

ይሁን እንጂ ሲሚንቶ አፈርን ሁሉ የሚያጠነክር አይደለም። አንዳንዱ ጥቁር አፈር ሲሚንቶውን ይቀበላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሲሚንቶ ይልቅ ኖራ ይስማማዋል፤ አንዳንዱ ግን ሲሚንቶውን ይበላዋል እንጂ አይጠነክርበትም። እነዚህን ሳይለዩ ሲሚንቶ ማዘዝ በሽታውን ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። ይህን መለየት የሚችለውም መሐንዲሱ ብቻ አይደለም። አፈሩን ዘወትር የሚያርሰው ገበሬና አፈሩን ለሰብል ብሎ የሚመረምረው የግብርና ባለሙያ ከግንበኛው በፊት ሊጠየቁ ይገባል። የእርሻ ሥራ ባለበት ወረዳ ሁሉ ዕውቀቱ በቅርብ አለ፤ የጎደለው መጠየቁ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አፈሩ ዓይነት ማስተዋል ያስፈልጋል። ከጎንደር ወደ አዘዞ ወርዶ ወደ ቆላ ድባና ወደ ጎርጎራ የሚሄድ መንገደኛ የደምቢያን ሜዳ ያያል። ይህ ሜዳ ዋልካ የሚባለው ጥቁር ጭቃ አፈር ያለበት ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሸማቀቅና ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ገበሬው ክረምቱ ሲወጣ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ይኸው አፈር ነው። መልኩ የጠቆረ ስለ ሆነ ብዙ ሰው በውስጡ ብስባሽ የሞላበት ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። የዋልካ ጥቁረት ከብስባሹ ብዛት የመጣ አይደለም፤ በዋልካ ውስጥ ያለው ብስባሽ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ጠባዩን የሚወስነው ውሃ እየጠጣ የሚያብጠው ደቃቅ ጭቃ ነው።

ሁለተኛው ጥቁር አፈር ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ይህም የበሰበሰ ሣር፥ ሥርና ቅጠል የተከማቸበት አፈር ነው። በሁለት ስፍራ በተለይ ይገኛል። አንደኛው በጣና ዳር፥ ደንገልና ጨፌ በሚበቅልበት ረግረግ ነው፤ በዚያ ውሃው አየር ስለሚከለክል የሞተው ሣር ፈጽሞ ሳይበሰብስ ዓመት በዓመት ይደራረባል። ሁለተኛው በስሜን ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርዳም ደጋ ነው፤ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የዚያ አገር አፈር በብርዱ ምክንያት ብስባሹ ቶሎ ስለማያልቅበት ጥቁር፥ ቀላልና ውሃ የሚይዝ ሆኗል። የአፈር ሊቃውንት አንዶሶል የሚሉት ይህን ነው። ገብስና ድንች የሚያበቅለው የደጋው በረከት ይህ አፈር ነው፤ ነገር ግን ለእርሻ የተባረከው ለመሠረት የተባረከ ነው ማለት አይደለም።

በጣና ሰሜናዊ ዳር ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም መስፋፋቱ የታወቀ ነው። ከሐይቁ እየወጣ የተከመረው አረም በበሰበሰበት ስፍራ ላይ ያለውን መሬት ደረቅ ስለ መሰለ ብቻ ለሕንፃ መምረጥ አይገባም። ከላይ የደረቀ፥ ከታች ግን ስፖንጅ የሆነ መሬት ሸክም ሲጫንበት ለዓመታት እየሰመጠ ይኖራል።

አሁን ሲሚንቶ በአፈር ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ይጠቅማል። ፖርትላንድ የሚባለው ሲሚንቶ በእንግሊዝ አገር በጆሴፍ አስፕዲን ስም እ.ኤ.አ. በ1824 የተመዘገበ ነው። አፈርን ከሲሚንቶ ጋር በመጠን ደባልቆ መንገድ መሥራትም በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና በጆንሰንቪል እ.ኤ.አ. በ1935 በምህንድስና ሥርዓት ተጀምሯል። ሲሚንቶ ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያሉት የካልሲየም ውሁዶች ይለወጡና እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይሠራሉ፤ ይህም ሙጫ የአፈሩን ቅንጣት እርስ በርሱ ያያይዛል። ከዚሁ ጋር የተወሰነ ኖራ ይወጣል፤ ኖራውም በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውሃ አልካሊ ያደርገዋል። የጭቃው ቅንጣት በዚህ አልካሊ ውሃ ቀስ በቀስ እየሟሟ ሁለተኛ ሙጫ ይሠራል። ስለዚህ ሲሚንቶ የተደባለቀበት አፈር ለወራት እየጠነከረ ይሄዳል።

ብስባሽ የበዛበት አፈር ግን ይህን ሥራ በሦስት መንገድ ያሰናክላል። በመጀመሪያ ከብስባሹ የሚወጣው አሲድ ካልሲየሙን ይይዘዋል፤ ለሙጫው ሥራ የሚያስፈልገው ካልሲየም በአሲዱ ተይዞ ይቀራል። ቀጥሎ አሲዱ አልካሊውን ስለሚያበርደው ሁለተኛው ሙጫ አይሠራም። ደግሞም ብስባሹ ከክብደቱ የበለጠ ውሃ ስለሚይዝ ድብልቁ ይቀጥናል፤ በቅንጣቱም ላይ እንደ ልባስ ስለሚሆን ሙጫው እንዳይነካው ያደርጋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ግንበኛው በሳምንቱ መጥቶ ሲነካው መሬቱ እንደ ጭቃ ሆኖ ያገኘዋል፤ ወይም ላይ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ይሆናል። ሲሚንቶው ተሰርቋል ተብሎ ሰው የሚጠረጠርበትም ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ሌባው አፈሩ ራሱ ሊሆን ይችላል።

የዋልካ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ዋልካን የሚያስቸግረው እብጠቱ ስለ ሆነ የሚስማማው ኖራ ነው። የተቃጠለ ኖራ ከዋልካ ጋር ሲደባለቅ ጭቃው ወዲያው ይፈረፈራል፥ ውሃ መጠጣቱን ይቀንሳል፥ እብጠቱም ይበርዳል። ለዚህ ሥራ ከአፈሩ ደረቅ ክብደት ከመቶ 3 እስከ 8 የሚሆን ኖራ ይጨመርበታል፤ ትክክለኛው መጠን በምርመራ ይታወቃል። አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ከኖራው በኋላ ጥቂት ሲሚንቶ ይከተላል።

እዚህ ላይ ሹማምንቱን ሁሉ ሊያስጠነቅቅ የሚገባ ነገር አለ። በደጋው አሲድነት የበዛበትን የእርሻ መሬት ለማከም ለገበሬ የሚታደለው ኖራ ተፈጭቶ የተዘጋጀ፥ ነገር ግን ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ለሰብል መልካም ነው፤ ለመሠረት ግን ምንም አያደርግም፤ ምክንያቱም ከጭቃው ጋር ለመያያዝ የሚያስፈልገው ኃይል የሚገኘው ድንጋዩ በእሳት ሲቃጠል ብቻ ነው። ስሙ አንድ በመሆኑ ብቻ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን የገበሬውን ኖራ አውጥቶ በመንገድ ላይ ማፍሰስ ሁለት ጥፋት ነው፤ መንገዱም አይጠነክር፥ እርሻውም ድርሻውን ያጣል።

በእውነቱ የኖራ ዕውቀት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ በጣና ዙሪያ በኖራ የተገነባ ሕንፃ ተሠርቷል። ዐፄ ፋሲለደስም እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ያሠሯቸው አብያተ መንግሥት በጥቁር ድንጋይና በኖራ ቆመው እስከ ዛሬ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1979ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እነዚህ ሕንፃዎች የቆሙት በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ከፍተኛ መሬት ላይ ነው። ለከተማው እህል የሚሰጠው የደምቢያ ሜዳ ግን ከበታች ነው። እህሉ በጥቁሩ አፈር፥ ግንቡ በጽኑው መሬት ላይ መሆኑን ዛሬም ጎንደር ላይ የቆመ ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

ከነዚሁ ሕንፃዎች ሌላም ትምህርት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በተደረገው ጥገና በጥንቱ ግንብ ላይ ሲሚንቶ ገብቶ ነበር። በኋላ ግን ለጥንቱ ግንብ የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ ሲሚንቶው እየተነሣ በቀደመው በኖራ ተተክቷል። ሲሚንቶ መጥፎ ስለ ሆነ አይደለም፤ ስፍራው ስላልሆነ ነው። ከድንጋዩ ጋር ያልተስማማው ሲሚንቶ ከአፈሩም ጋር ሳይስማማ ሊቀር እንደሚችል መገመት አስቸጋሪ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ሹም የትኛው አፈር እንደ ገጠመው በምን ያውቃል? በመጀመሪያ በዓይን፥ በአፍንጫና በእጅ የሚደረግ ምርመራ አለ፤ ለዚህም አንድ ብር አይጠፋበትም። ከመሠረቱ ጥልቀት የወጣውን አፈር በፀሐይ ማድረቅ ነው። ዋልካ ከሆነ ጓሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፥ ይከብዳልም። ብስባሽ የበዛበት ከሆነ ግን ጓሉ በእጅ ሲያነሡት ቀላል ነው፤ ሲሰብሩት የሥርና የሣር ጭረት ይታይበታል፤ እርጥቡም የረግረግ ሽታ ይሸታል። ከዚህም በኋላ ጥቂቱን በብረት ምጣድ ላይ ማሞቅ ነው፤ ብስባሽ የበዛበት አፈር ይጨሳል፥ የተቃጠለ ገለባ ሽታም ያወጣል። እነዚህ ምልክቶች ፍርድ የሚሰጥባቸው አይደሉም፤ ነገር ግን ምርመራ እንዲደረግ ለማዘዝ በቂ ናቸው።

ሁለተኛው ምርመራ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቢ ሳይወጡ የሚደረግ ነው። 10 እጅ ደረቅ አፈርና 1 እጅ ሲሚንቶ በሚዛን ለክቶ በውሃ ማቡካትና በኩባያ እያተሙ ጥቂት ቂጣዎች መሥራት ነው። ከዚሁ ጎን በንጹሕ አሸዋና በዚያው ሲሚንቶ ሌላ ቂጣ ይሠራል። ሁሉም በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍነው 7 ቀን ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት በውሃ ውስጥ ይቀመጣሉ። የአሸዋው ቂጣ ጸንቶ የአፈሩ ቂጣ ከፈረሰ ጥፋቱ የአፈሩ ነው። ሁለቱም ከፈረሱ ግን ሲሚንቶው አርጅቷል ወይም እርጥበት መትቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ምርመራ አፈሩንም ሲሚንቶውንም በአንድ ጊዜ ይመረምራል።

ሦስተኛው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። የአፈሩና የሲሚንቶው ድብልቅ በ10 ለ1 ተሠርቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ ፒኤች የሚባለው የአሲድና የአልካሊ መለኪያ ይታያል። ቊጥሩ 12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብስባሹ ሲሚንቶውን ያሰናክላል ተብሎ አይፈራም፤ ከ12 በታች ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የብስባሹን መጠን ለማወቅ ደግሞ የደረቀው አፈር በ440 ዲግሪ ሙቀት ተቃጥሎ ከክብደቱ የጎደለው ይመዘናል። ለኖራ የሚደረገውም ተመሳሳይ ምርመራ አለ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፒኤቹን 12.4 የሚያደርሰው ትንሹ የኖራ መጠን ለዚያ አፈር የሚበቃ መነሻ ይሆናል። ከሁሉም በኋላ የድብልቁ ጥንካሬ በ7ና በ28 ቀን በመጭመቂያ መሣሪያ ይለካል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ስላለ በቅርብ መጠየቅ ይቻላል። የኢትዮጵያ መንገዶች መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣቸው የንድፍ መመሪያዎች ስለሚያብጥ ጥቁር አፈርና አፈርን በኖራና በሲሚንቶ ስለ ማጠንከር የሚናገሩ ናቸው።

ምርመራውን ንቆ ሥራውን መጀመር የሚያስከትለውን ወጪ በቊጥር ማሳየት ይሻላል። ርዝመቱ 20፥ ስፋቱ 10 ሜትር የሆነ የእህል መጋዘን ብስባሽ በበዛበት መሬት ላይ ይሠራ ዘንድ ታሰበ እንበል፤ ለስላሳውም አፈር እስከ 1 ሜትር ይወርዳል እንበል። ይህ 200 ሜትር ኩብ አፈር ነው። እጅግ ብስባሽ የሆነ መሬት በሲሚንቶ በሚጠናከርባቸው አገሮች ለአንድ ሜትር ኩብ ከ150 እስከ 250 ኪሎ ሲሚንቶ ይገባል። እንግዲህ ለዚህ አንድ መጋዘን ግድግዳው ሳይነሣ ከ300 እስከ 500 ኩንታል ሲሚንቶ መሬት ውስጥ ይቀበራል ማለት ነው። ሲሚንቶው ከአዲስ አበባ አካባቢ የመጣ እንደ ሆነ እስከ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ወደ ደባርቅ ለማድረስ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመራል።

በአንጻሩ ያንኑ አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ምን ያስከፍላል? ገረጋንቲው ሲጠቀጠቅ መጠኑ ስለሚያንስ 260 ሜትር ኩብ ያህል ያስፈልጋል ቢባል፥ 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ መኪና በ17 ምልልስ ይጨርሰዋል። ድንጋይ በማይታጣበት በጎንደር ደጋ ይህ ከባድ ነገር አይደለም። ሁለቱን ሒሳብ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ሹም የትኛው እንደሚሻል ሌላ ሰው ሊነግረው አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንዳንድ የተማሩ መሐንዲሶች የሚያነሡት ክርክር አለ፤ እርሱም በእውነት የተመሠረተ ስለ ሆነ ሊሰማ ይገባዋል። በስዊድንና በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኖራና ሲሚንቶ በትልቅ መሣሪያ ወደ ጥልቅ መሬት እያስገቡ በመደባለቅ ለስላሳውን መሬት በዓምድ መልክ ያጠነክሩታል፤ በስዊድንና በፊንላንድ ብስባሹ ረግረግ ሳይቀር ለባቡርና ለመኪና መንገድ ይጠናከራል። ስለዚህ «አይቻልም» ማለት ስሕተት ነው። ይቻላል። ነገር ግን በዚያ የሚሠሩት ሰዎች አስቀድመው በላቦራቶሪ ብዙ ድብልቅ ይሞክራሉ፤ መጠኑን ይጨምራሉ፤ ከተደባለቀ በኋላ የአፈር ክምር ጭነውበት እስኪጠነክር ይጠብቃሉ፤ ሲያልቅም ጥንካሬውን በስፍራው ይለካሉ። ባቡሩ የግድ በዚያ ማለፍ ስላለበት ወጪውን ይከፍላሉ። የወረዳ የእህል መጋዘን ግን የግድ በረግረግ ላይ መቆም የለበትም። ከእነርሱ ሲሚንቶውን ብቻ ወስዶ ምርመራውንና ትዕግሥቱን መተው የሥራቸውን ግማሽ መውሰድ ነው፤ ያውም ውድ የሆነውን ግማሽ።

በደጋው ብርድም ሌላ እንቅፋት ነው። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ሲሚንቶ የሚጠነክርበት ፍጥነት እጅግ ይዘገያል። በደባርቅና ከዚያ በላይ ባለው አገር ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ስለ ሆነ፥ በቆላ በሳምንት የሚደርስ ሥራ በዚያ ብዙ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። ብስባሽ ያዘገየውን ብርድ ሲጨምርበት፥ በዚያ ላይ የሰኔ ዝናብ ሲደርስበት፥ ድብልቁ ከመጠንከሩ በፊት ይታጠባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

የአፈሩ ነገር ከመጋዘኑ ግድግዳ አልፎ ወደ ገበሬው ማዕድ የሚደርስ መሆኑም ሊታሰብ ይገባል። መሠረቱ የሰመጠ መጋዘን ወለሉ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የመሬት እርጥበት ይወጣል፥ አይጥም ይገባል። እርጥበት ያገኘው እህል ይሻግታል፤ ነቀዝም ይበረታበታል። ገበሬው ከነሐሴ ችግር እንዲያወጣው ብሎ ያስቀመጠው እህል፥ ለመዝሪያም የተመረጠው ዘር፥ ከቤቱ ጎታ ይልቅ በመንግሥት ቤት ሲበላሽበት ካየ ሁለተኛ አያምንም። አንድ ጊዜ የጠፋ እምነት ደግሞ በሲሚንቶ አይጠገንም።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ይህ ብስባሽ አፈር ራሱ ሀብት መሆኑ መረሳት የለበትም። በብዙ ዓመት የተከማቸውን የላይ አፈር በሲሚንቶ አድርቆ መቅበር ለዘላለም ከእርሻ ማስወጣት ነው። ከላይ በተጠቀሰው መጋዘን ስፍራ የላዩ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢነሣ 60 ሜትር ኩብ ለም አፈር ይገኛል። ይህም 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሆኖ ቢነጠፍ 1,200 ካሬ ሜትር፥ ማለት የግማሽ ጥማድ ያህል መሬት ይሸፍናል። ጎርፍ አፈሩን ባጠበበት በደጋው አገር ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። ተቋራጩ ወደ ገደል ከሚገለብጠው ይልቅ በአቅራቢያው ወዳለው የተጎዳ እርሻ ወይም የችግኝ ጣቢያ እንዲያደርሰው በውሉ ሊጻፍበት ይገባል። ሲሚንቶ የነካው አፈር ግን ወደ እርሻ መግባት የለበትም፤ አልካሊነቱ ሰብሉን ይጎዳል።

የጣና ዳር ረግረግም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደንገሉ ታንኳ ይሠራበታል፤ ረግረጉ ከደጋው የሚወርደውን ደለል ያስቀራል፥ ለዓሣም መራቢያ ይሆናል። በዚያ ላይ ሕንፃ ማቆም በምህንድስና ቢቻል እንኳ ለአገር የሚጠቅም አይሆንም።

እንግዲህ የሚሻለው ሥርዓት ይህ ነው።

1ኛ። ለማናቸውም የገጠር ሕንፃ ቦታ ከመመረጡ በፊት የወረዳው የግብርና ባለሙያና የዚያው ቀበሌ ገበሬዎች ይጠየቁ። ውሃ የሚተኛበትን፥ በክረምት ከብት የሚሰጥምበትን፥ በበጋም የሚሰነጠቀውን መሬት ገበሬው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በተጀመረው የአገሪቱ የአፈር ለምነት ጥናት በአፈር ውስጥ ያለው የካርቦን መጠንም ተመርምሯል። ይህ ጥናት ለማዳበሪያ ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ብስባሽ የበዛበትን አገር ስለሚያመለክት ግንበኛውንም ይጠቅመዋል። የእርሻ መሬት ከላይ ስለሚመረመር ግን የመሠረቱን ጥልቀት ቆፍሮ ማየት አይቀርም።

2ኛ። ቦታ መለወጥ የሚቻል እንደ ሆነ ይለወጥ። ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ድንጋያማው ከፍታ መሄድ ከማናቸውም መድኃኒት ይረክሳል፤ ለምለሙም መሬት ለእርሻ ይተርፋል።

3ኛ። ቦታው የማይለወጥ ከሆነ በምርመራ ይለይ። ዋልካ ከሆነ በተቃጠለ ኖራ ይታከም፥ የውሃ መውረጃም በዙሪያው ይበጅ። ብስባሽ ከሆነና ጥልቀቱ ጥቂት ከሆነ ተነሥቶ በገረጋንቲ ይተካ። ጥልቅ ከሆነ ውሃው በቦይ ይውጣ፥ የአፈርም ክምር ተጭኖበት ቢያንስ አንድ ክረምት ይቆይ፥ መስጠሙም በምልክት ይለካ፤ ወይም ቀላል ቤት በረጅም ዓምድ ላይ ይሠራ።

4ኛ። ሲሚንቶ የግድ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ መጠኑ በዚያው አፈር ላይ በተደረገ ሙከራ ይወሰን እንጂ ከሌላ ወረዳ ሥራ አይቀዳ። ሥራውም ዝናብ ካቆመ በኋላ ይጀመር።

5ኛ። የምርመራው ውጤት ከውሉ ጋር በመዝገብ ይቀመጥ። ሹም ቢለወጥ መዝገቡ ስለማይለወጥ፥ ከዓመታት በኋላ በአጠገቡ ሌላ ቤት የሚያሠራ ሰው ከመጀመሪያው አይደክምም።

ይህ ሥርዓት ሥራን ያዘገያል የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። የቂጣው ሙከራ ከ8 እስከ 9 ቀን፥ የላቦራቶሪው ሙከራ 28 ቀን ይፈልጋል። የሰመጠ መጋዘን አፍርሶ መሥራት ግን አንድ የበጀት ዓመት አይበቃውም። በጥር ወይም በየካቲት ምርመራውን ያስጀመረ ሹም ክረምቱ ሳይገባ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ በግንቦት የጀመረ ግን የሚያውቀው ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ነው።

የአንድ ሹም ሥራ የሚመዘነው ባስመረቃቸው ቤቶች ቊጥር ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ቆመው በሚገኙት ነው። በጎንደር ደጋ ያለው ጥቁር አፈር የሕዝቡ ምግብ ስለ ሆነ ለማረሻ ይተው፤ ቤትም በጽኑው መሬት ላይ ይቁም። ሁለቱ በአንድ ስፍራ በተገናኙ ጊዜ ደግሞ አፈሩ አስቀድሞ ይመርመር፥ ሲሚንቶው ከዚያ በኋላ ይታዘዝ።